የጥላ ዕዳ

መንገድ ሲሰፋ ዛፍ ይወድቃል። ዛፍ ሲወድቅ በመጽሔታችን ላይ ግጥም ይወጣል። ከዚህ ቀደም በወጡት ሁለት እትሞች ብቻ ሰባት ቆጥሬአለሁ፤ በሰባቱም ውስጥ ዛፉ «እናት» ነው፣ ቆራጩ «ጨካኝ» ነው፣ መጋዙ ያጓራል፣ ወፊቱ ጎጆዋን አጥታ ታለቅሳለች። ቤት ይመታል፤ አይካድም። ግን ወገኖች፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህን አይደለም ወይ? በግጥም የተለቀሰለት ዛፍ አንዲት ቅጠል አላበቀለም። መንገዱን የሚያሠራው ክፍልም ግጥም አያነብም፤ የሚያነበው የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሰንጠረዥ ነው። እንግዲህ እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ሰንጠረዥ ነው። ይደርቃል፤ ታገሡኝ።

ከአልቃሾቹ ማዶ ሌላ ወገን አለ። በካፌም፣ በመኝታ ክፍልም የሚሰማው የዚህ ወገን ድምፅ «ምን ያነጫንጫችኋል? አንድ ዛፍ ቢቆረጥ አሥር ችግኝ ይተከላል። ታዲያ ተረፈ እንጂ ምን ጎደለ?» የሚል ነው። አባባሉ ቁጥር ስላለበት ሳይንሳዊ ይመስላል፤ ተናጋሪውም ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው የሚናገረው። የዛሬው ክርክሬ ከዚህኛው ጋር ነው። አልቃሹ ቢበዛ ወረቀት ያባክናል፤ «አንድ ለአሥር» ባዩ ግን ከተማ ያራቁታል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። መንገድ አይስፋ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በሄደባቸው መንገዶች ላይ የእግረኛውን መሄጃ አስፍቷል፣ የብስክሌት መስመርም አስምሯል። ድሮ በጭቃና በቦይ ጠርዝ እየዘለልን እናልፍበት የነበረውን ቦታ ዛሬ ቀጥ ብለን እንሄድበታለን፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። አንዳንድ ዛፍም መውደቅ አለበት። ውስጡ የበሰበሰ፣ በነፋስ የሚያስፈራ፣ መታጠፊያ ላይ ቆሞ የሾፌር ዓይን የሚጋርድ ዛፍ ይውደቅ። የኔ ጥያቄ የሚጀምረው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ምን ተተካ? በምን ሚዛን ተመዝኖ?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተማርነው የክበብ ስፋት ይበቃል። ቅርንጫፉ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር የተንሰራፋ አንድ ዛፍ እናስብ። አንድ የጎለመሰ ጃካራንዳ ወይም ዋንዛ እዚህ ለመድረስ አይቸግረውም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይህ ዛፍ የሚጥለው ጥላ 78 ካሬ ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ በጥቁር ላስቲክ ተሸክፎ የመጣውን ችግኝ እንመልከት። ቅጠሉ የዘረጋበት ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጥላው ከአንድ ካሬ ሜትር መቶኛ ሰባት እጅ ነው። አካፍሉት። አንዱን ዛፍ በጥላ ለመተካት ከ1,100 በላይ ችግኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። «አንድ ለአሥር» ተብሎ የተፎከረበት ምትክ ከጠፋው ጥላ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ያውም አሥሩም ቢጸድቁ፤ ያውም ፍየል ካልደረሰባቸው፤ ያውም ሰው ኳስ ካላገኛቸው።

«ችግኙ ያድጋላ!» ትሉኛላችሁ። ያድጋል እንጂ፤ ማን ካደ? ጥያቄው እስኪያድግ ድረስ ማን በፀሐይ ይቆማል ነው። ዘንድሮ ወደ ግቢ የገባ ተማሪ ዛሬ በተተከለ ችግኝ ሥር የሚያርፈው የራሱን ልጅ ሊያስመዘግብ የመጣ ዕለት ይሆናል። በመካከሉ ያለው ጊዜ በማንም ሰንጠረዥ ላይ አልተጻፈም። የሲሚንቶው ዋጋ ተጽፏል፣ የብረቱ ተጽፏል፣ የመብራቱ ምሰሶ በቁጥር ሰፍሯል። የጠፋው የ20 ዓመት ጥላ ግን እንደ አየር ተቆጥሯል። እኔ ይህን ዕዳ እለዋለሁ። ዕዳ ከሆነ ደግሞ ከፋይ አለው፤ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ እንይ።

ባለ መኪናው አይደለም። እሱ ጣራ አለው፣ ሲሞቀው መስኮት ያወርዳል ወይም ቀዝቃዛ አየር ይለቃል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረግ ነው። ታክሲ የሚሳፈረውም ቢሆን ሰልፉ ላይ ቆሞ ነው። እንግዲህ ጥላው የተቀማው ከእግረኛው ነው፤ ከሊስትሮው፣ ሸቀጡን በደረቱ ካነገተው ጀብሎ፣ ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ ከምትጠብሰው እናት፣ ልጅ አዝላ ጤና ጣቢያ ከምትሄደው ሴት፣ ትንፋሽ አጥሯቸው በየመቶ ሜትሩ ከሚያርፉት አባት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ዛፍ ጌጥ አልነበረም። የሥራ ቦታ ነበር፣ የማረፊያ ወንበር ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ዣንጥላ ነበር። አስፋልቱ ለጎማ ሲሰፋ የሰፊው ሕዝብ ጣራ ተነሣ። በምትኩ አሥር እንጨት ቆሞ፣ በየእንጨቱ አንድ ክር ታስሮ፣ «አረንጓዴ» ተባለ።

እኛስ? እኛማ በግቢያችን ጥላ ውስጥ ነን። ስድስት ኪሎ ያለው ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የንጉሥ ጥላ ወረስን። ከጥበቃው በር ውስጥ ሆኖ «ዛፍ ምን ጎደለ» ማለት ቀላል ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ዛፍ ለዚህች ከተማ የውበት ነገር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ አወላለዷን ያስታውስ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ዝግባ ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱ እዚሁ እንድትቀር ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ በምኒልክ ዘመን ከወደ አውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን አላወድስም፤ ውኃ ይመጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያስበቅልም፣ ለመንገድ ዳርም አይመችም። ነገር ግን እንጨት ጠፍቶ ሊነሣ የነበረ ከተማ ዛፍን እንደ ትርፍ ነገር ሲቆጥር ማየት፣ ምን ይባላል!

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንውረድ። የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ያላችሁ ጓደኞቼ ዝለሉት ካላችሁ ዝለሉት፣ ግን ባትዘሉት ይሻላል። የመንገድ መሐንዲስ ጠላቱ ልል አፈር ነው። አስፋልት እንዳይሰምጥ ከሥሩ ያለው አፈር በሮለር ይጠቀጠቃል፤ መለኪያውም አፈሩ በቤተ ሙከራ ሊደርስ ከሚችለው ትልቁ ጥግግት በተለምዶ ከመቶ 95 እጅ እንዲሆን ያዛል። ይህ ለመኪና ትክክል ነው። ለዛፍ ግን እንዲህ ያለ አፈር ድንጋይ ማለት ነው። ሥሩ አይበሳውም፣ ውኃ አይሰርገውም፣ አየር አያልፈውም። ታዲያ መንገዱ ካለቀ በኋላ፣ ሪባን ሊቆረጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በዚህ ድንጋይ መሐል ባልዲ የምታህል ጉድጓድ ተቆፍራ ችግኝ ይገባባታል። ችግኙ መሬት ላይ የተተከለ ይመስላል እንጂ የተተከለው ሸክላ ድስት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ያምርበታል፤ ከዚያ ሥሩ ግድግዳውን ይነካና ይቆማል። ወይ ይቀጭጫል፣ ወይ የእግረኛውን ንጣፍ ከፍ አድርጎ ይሰነጥቃል። የዚያን ጊዜ ያው ሰውዬ መጥቶ «አያችሁ፣ ዛፍ መንገድ ያበላሻል» ብሎ ይቆርጠዋል። የተፈረደበት ግን የተተከለ ዕለት ነው።

መፍትሔው ምሥጢር አይደለም። የስቶክሆልም ከተማ አትክልተኞች ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው ከእግረኛ መንገዱ ሥር ትልልቅ ጥርብ ድንጋይ ይሞላሉ። ድንጋይ ከድንጋይ ተደጋግፎ ከላይ ያለውን ክብደት ይሸከማል፤ በመካከሉ በሚቀረው ክፍተት ውስጥ አፈርና የከሰል ድቃቂ ይገባል፣ የዝናቡ ውኃም ወደዚያው እንዲወርድ ይደረጋል። ሥሩ በክፍተቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ንጣፉም አይነሣም። እንግዲህ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ካለ ይጠየቅ፤ ከነዚህ ነገሮች የትኛው ነው በአገራችን የጠፋው? ድንጋይ? ከሰል? ኮብልስቶን ጠርበው ስንትና ስንት የመንደር መንገድ ያነጠፉ ወጣቶች ያሉባት አገር ድንጋይ መሙላት ያቅታታል? የጎደለው መንገዱ በወረቀት ላይ ሲነደፍ ዛፉን አብሮ መንደፍ ብቻ ነው። የውኃ ቧንቧ በኋላ ትዝ አይልም፣ የስልክ መስመርም እንዲሁ። ዛፍ ብቻ ነው መጨረሻ ላይ ትዝ የሚለው።

ስለ ዘንባባም ዝም ብዬ አላልፍም። በታደሱት መንገዶች ዳር ዘንባባ ተሰልፎ እናያለን። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ለሆሳዕናም ይሆናል፤ ለቀትር ግን አይሆንም። ቅጠሉ አናቱ ላይ ነው፣ ግንዱ ቀጭን ነው፣ ጥላው ረዥሙን ግንድ ተከትሎ አስፋልቱ መሐል ላይ ወድቆ ይገኛል። ከሥሩ የሚያርፈው መኪና ነው። ሣሩም እንዲሁ፤ አረንጓዴ ነው፣ ውኃ ይጠጣል፣ «አትርገጡ» ይባልበታል። ሰው የማይጠለልበትና የማይቀመጥበት አረንጓዴ ከቀለም በምን ይለያል? የራሳችን ዛፎች አሉ። ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፣ ዘርግቶ ያጠላል፣ ነጭ አበባውን ንብ ይወደዋል፤ (ፍሬው ሲረግፍ ንጣፉን እንደሚያጣብቀው አውቃለሁ፤ ጠራጊዎች ይህን አንብበው እንዳይራገሙኝ ታክሲ ፌርማታ ላይ አይተከል።) ብርብራ አለ፤ ወይራ አለ፣ ዘገምተኛ ቢሆንም ዕድሜ ጠገብ ነው። ጃካራንዳም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ቢሆንም ጥላውን ስለ ሰጠን እኔ አላባርረውም። ሾላና ዋርካ ግን ለእግረኛ መንገድ አይደሉም፤ ሥራቸው ቤት ይነቅላል፤ እነሱ አደባባይና ሜዳ ይሰጣቸው።

ከአልቃሾቹ አንዱ ባለፈው «ናይሮቢዎች ዛፋቸውን አዳኑ፣ እኛስ?» ብሎ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2020 ለናይሮቢ ፈጣን መንገድ ሲባል በዋያኪ መንገድ ዳር የነበረ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንድ ትልቅ የሾላ ዘመድ፣ እነሱ ሙጉሞ የሚሉት፣ ሊነቀል ነበር። ለኪኩዩ ሕዝብ የተቀደሰ ዛፍ ነው። ሕዝቡ ጮኸ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ዛፉ እንዳይነካ ወሰኑ። መንገዱም ተሠራ፤ 27 ኪሎ ሜትር፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ዛፉም ቆሟል። ታዲያ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሐንዲስ ሲታዘዝ መንገድን ማጠፍ ይችላል፤ «አይቻልም» የሚባለው ብዙ ጊዜ «አልታዘዝንም» ማለት ነው። ሁለተኛው ግን መራራ ነው። በዚያው መስመር ላይ ስም የሌላቸው፣ ተረት ያልተነገረላቸው ብዙ ዛፎች ወድቀዋል፤ ለእነሱ ፕሬዚዳንት አልተነሣም። ታቦት የሌለው ዛፍ ምን ይሁን? ለቅሶ አንድ ዛፍ ያድናል። አንድ ሺሕ ዛፍ የሚያድነው የውል አንቀጽ ነው።

ስለዚህ ወደ ውሉ እንምጣ። ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ማንኛውም የልማት ፕሮግራም የአካባቢን ደኅንነት የማያናጋ እንዲሆን ያዛል፤ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥበትም ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። ችግሩ አዋጁ ከላይ ቀርቶ ሮለሩ ታች መሥራቱ ነው። ኮንትራክተሩን የሚያንቀጠቅጠው አዋጅ አይደለም፤ ክፍያው ነው። አስፋልቱ ቢሰነጠቅ እንዲያስተካክል ከየክፍያው ላይ ሪቴንሽን ይያዝበታል፤ የጉድለት ኃላፊነት ጊዜ ይባላል፣ በተለምዶ አንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲሞላ አስፋልቱ ደህና ከሆነ ገንዘቡን ይወስዳል። ለዛፉስ ምን ተያዘ? ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ መስከረም ላይ እንዴት አያምር! ዝናብ እያጠጣው! የሚፈተነው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ የውኃ ቦቴው ጠፍቶ፣ የካቲትና መጋቢት ሲያገላብጡት። ኮንትራክተሩ በዚያን ጊዜ ሌላ ከተማ ላይ ሌላ መንገድ ይጠርጋል።

የምጠይቀው ይህን ነው። ለዛፍ የሚያዘው ገንዘብ ሦስት በጋ እስኪያልፍ አይለቀቅ። ርክክቡ በተተከለ ሳይሆን በጸደቀ ይሁን። ከመቆረጡም በፊት የያንዳንዱ ዛፍ ጥላ በካሬ ሜትር ተለክቶ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ የሜልቦርን ከተማ ለምሳሌ በሕዝብ ቦታ የቆመ ዛፍ በግንባታ ምክንያት ሲነሣ ዋጋውን አስልቶ ያስከፍላል፤ ዛፍ ዋጋ ሲኖረው መሐንዲሱም መስመሩን አንድ ሜትር ፈቀቅ ማድረግ ይቀለዋል። ምትኩም እዚያው መንገድ ላይ ይሁን። ከመገናኛ የተቆረጠ ዛፍ እንጦጦ ላይ ተተካ ቢባል፣ መገናኛ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው እንጦጦ ወጥቶ ይጠለል ማለት ነው?

አንዳንዶች «መንግሥት በዓመት ስንት ሚሊዮን እየተከለ አንተ በመንገድ ዳር ዛፍ ትከራከራለህ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ዶማ ይዘን ከወጡት ውስጥ ብዙዎቻችን ነበርን፤ ደስ ይል ነበር። ግን ተራራ ሌላ ነው፣ ጎዳና ሌላ ነው። ተራራ ላይ የሚተከለው ለአፈርና ለውኃ ነው፤ ጎዳና ላይ የሚተከለው ለአላፊ አግዳሚው ራስ ነው። የአንዱ ቁጥር የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። ተራራውን እያሳየ ጎዳናውን ለሚያራቁት ሰው ያለችኝ መልስ የአያቶቼ ናት፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ደግሞ ወሬ ብቻ እንዳይሆንብን። በመጪው ቅዳሜ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት ተኩል ከግቢው ዋና በር ተነሥተን እስከ አራት ኪሎ በሁለቱም ዳር የቆመውን ዛፍ ሁሉ እንለካለን። ሥራው ቀላል ነው፤ አንዱ ከቅርንጫፉ ጫፍ በታች ይቆማል፣ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ ይቆማል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ዛፍ የተነሣበት ቦታ ላይ ጉቶ ከቀረ የጉቶውን ወርድ እንወስዳለን፤ ከግንዱ ውፍረት የቅርንጫፉን ስፋት መገመት የሚችሉ የባዮሎጂ ልጆች አሉ። ውጤቱን በሚቀጥለው እትም በሰንጠረዥ እናወጣለን፤ አንድ ቅጂውንም መንገዱን ለሚያሠራው ክፍል እንሰጣለን፣ የፈረመበትንም ቀን እንጽፋለን። ገጣሚዎችም ኑ፤ ገመድ የሚይዝ ሰው ያንሰናል። ገመድ፣ እርሳስና የሚጠጣ ውኃ ያዙ። ኮፍያም ያዙ፤ ከአምስት ኪሎ በታች ጥላው ሳሳ ይላል።